ሰማያዊው መኪና ለምን ያለቅሳል

«እማዬ፣ ይኼን መኪና ማን መትቶት ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

አለችኝ አንድ ጊዜ አትጠገብ። ገና የፊት ጥርሷ ሳይወልቅ ነው እንግዲህ፤ አሁን ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ምን ትዝ አሰኘኝ መሰለሽ ሀቢባዬ? ይኼ ሰልፍ። ሰው ጨው ሲጠብቅ ልቡ ወደ ኋላ ይሄዳል… ድንጋይሽን አንሺውና በቦታው ቁሚ እንጂ፣ እዚህ ጋ ጥላ አለ። እኔ ኪዳን አድርሼ ስመጣ ስድስት ድንጋይ፣ አንድ የተቀደደ ባርኔጣና አንድ ጎዶሎ ጫማ ተሰልፈው አገኘሁ። ኅብረት ሱቁ ገና አልተከፈተም፤ ጫማው ግን ሁለተኛ ነበር።

ልጆቹ ደኅና ናቸው? ባልሽ ኸድሩስ? ሹፌር ቤት ሲውል ወገቡን ያመዋል ይላሉ፣ እውነት ነው? አይዞሽ፣ የሚነዳው ሰማያዊው መኪና ቆሞ አይቀርም።

ወደ ፊት አትጠጊ፣ ከፊታችን ያለው ሰው ትልቅ ነው፤ ትንፋሻችን ይከብደዋል። ሰልፍ የማያውቅ ሰው ዛሬ ተሰልፎ ሳይ እኮ ደስ አለኝ! ድሮ ስኳሩ በጓሮ በር ነው የሚወጣለት አሉ። እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም፤ ጾም ነው። ነቢያት በጾም ያገኙትን እኛ በምላሳችን እንዳንበትነው። ስለዚህ ዛሬ ሰው አላማም። ዛሬ ማመስገን ብቻ ነው… ዞር አትበይ አልኩሽ እኮ! ሰላም ልትይው ያሰብሽ ይመስለዋል።

እናልሽ፣ አትጠገብ ስትጠይቀኝ እኔ መልሱን ከየት ላምጣው? ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አባትሽን ጠይቂ አልኳት። ታረቀኝን ታውቂው የለ? የሰው ነገር ሲጠየቅ አፉ ይያዛል፣ የመኪና ነገር ሲሆን ይፈታል። የእጁን ቅባት በናፍጣ አስለቀቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት።

«ማንም አልመታውም» አላት። «ሞተርም እንደ ሰው አየር ይስባል። የቡና ጭነት ተሸክሞ የይርጋጨፌን ዳገት ሲወጣ ግን የራሱ ትንፋሽ አይበቃውም። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ወናፍ ገጠሙለት።»

ወናፍ ያልነው እኛ ነን። የፈረንጁ ስም ሱፐርቻርጀር ነው አሉ፤ እኔ ስጠራው ምላሴ ላይ ይሰናከላል። የአንጥረኛውን ወናፍ ግን አትጠገብ አይታለች፣ ገባት።

«በብረት ሣጥን ውስጥ ሁለት ብረቶች አሉ፤ እንደ ስምንት ቁጥር ወገባቸው የቀጠነ። አንዱ ሲዞር በሌላው ወገብ ውስጥ ይገባል፤ ግን አይነካኩም፤ መሐላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች። የሚያዞራቸው ሞተሩ ነው፣ በቺንጋ፤ ያ ጥቁሩ የጎማ ቀበቶ አለ አይደል? ሞተሩ አንዴ ሲዞር እነሱ ሁለቴ ይዞራሉ። በዞሩ ቁጥር አየሩን ዘገን አድርገው ወደ ሞተሩ ይወረውሩታል። እፍ… እፍ… እፍ። አንዷ እፍታ ብቻዋን ምንም አይደለችም። በደቂቃ ብዙ ሺህ ስትሆን ግን ትያያዝና አንድ ቀጭን ዋይታ ትሆናለች። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ዋይታው እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱን ብረቶች እኩል የሚያስኬዱት የማርሽ ጥርሶችም የራሳቸውን ፉጨት ይጨምሩበታል። እንግዲህ የሚያለቅሰው ብረቱ አይደለም፣ የሚገፋው አየር ነው።»

«ታዲያ አያመውም?» አለች ልጄ።

«አያመውም። እንዲያውም ሲያለቅስ ነው ጤነኛው። ዝም ያለ ቀን ነው መፍራት።»

ይቺን ቃል አደራ ያዢልኝ ሀቢባዬ፣ በኋላ ትፈለጋለች። እኔማ ያኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ነፋስ መሆኑ! ደግሞ ወናፉ በራሱ አለመዞሩ። ሌላ ያዞረዋል፣ እሱ ይጮሃል። ቺንጋው የወለቀ ቀን ደግሞ ጸጥ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ዘንድ ይኖር ይሆን? … ኧረ የለም! ምን አስቀባጠረኝ። ቢኖርስ እንኳ የመኪናው ይሻላል፤ የመኪናው ሲጮህ ጭነት ያወጣል።

ደግሞ ጭነት ማውጣት ብቻ ነው እንዴ? ከዳገቱ ላይ፣ ዱመርሶ መንደር ያለውን አንቺ ከኸድሩ አፍ ሰምተሽዋል፤ ግን እኔ ስናገረው ደስ ይለኛል፣ ተይኝ። ገበሬው እሸት ቡናውን ለቅሞ መንገድ ዳር አያወርድም፤ ፀሐይ ያበላሸዋላ። ከጓሮው ከእንሰቱ ሥር፣ ቅርጫቱን ኮባ አልብሶ ያቆየዋል። ከዚያ ከታች ከመታጠፊያው ያ ዋይታ ሲሰማ «መጣ! መጣ!» ነው። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ቅርጫቱን ተሸክሞ ቁልቁል። መኪናው ሲደርስ ቡናውም መንገድ ላይ ይደርሳል። በዚያው ቀን መፈልፈያ ይገባል። ሰዓት የለ፣ ደወል የለ፣ ማስታወቂያ የለ። የወናፉ ልቅሶ ነው ሰዓታቸው። ስንት ዓመት እንዲህ ኖሩ!

ታዲያ እንዲህ ሆነን ስንኖር እግዚአብሔር አንድ የተማረ ሰው ሰጠን።

ስም አልጠራም። እንደዚህ ያለን ሰው ስም መጥራት ማሳነስ ነው። ባሕር ማዶ ሄደው ሦስት ወር ተምረው መጡ፣ እነ ታረቀኝ በሚሠሩበት በዲላው ጋራዥም ላይ ተሾሙ። ሦስት ወር ሀቢባዬ! ሦስት ወር ሙሉ ዕውቀት ሲገባ ጭንቅላት እንዴት ቻለው? ታረቀኝ ሃያ ዓመት ከሞተር ሥር በጀርባው ተኝቶ ያላየውን እሳቸው በቆሙበት፣ ሸሚዛቸው ሳይቆሽሽ፣ በጆሯቸው ብቻ አወቁት።

«ይህ ድምፅ የብልሽት ድምፅ ነው» አሉ። «በእኔ ዘመን መኪና አያለቅስም።»

ርኅራኄያቸውን አየሽ? ሰው ሲያለቅስ የሚያዝን ብዙ ነው፤ ለብረት የሚያዝን ስንት አለ?

ታረቀኝ ደግሞ አፉ አያርፍም፤ «ጓድ፣ ድምፁ የወናፉ ነው፣ ጤናው ነው፣ ባይነኩት» አላቸው።

«ወናፍ የአንጥረኛ ነው፤ እኛ ወደ ፊት ነው የምንሄደው!»

ምን የመሰለ ንግግር! ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ አሉ። ለማጨብጨብ እኮ ወናፍ አያስፈልግም። ከዚያ ቺንጋው ይውለቅ አሉ፣ ታረቀኝ አወለቀ። ትእዛዝ ነው፣ ምን ያድርግ? ቺንጋውን በገዛ እጃቸው ተቀበሉና «ንብረት ክፍል እኔው አስገባዋለሁ» አሉ። በገዛ እጃቸው! ያን ቅባት የነካ ነገር! ባለሥልጣን እጁን ሲያቆሽሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ይህን ትሕትና ብዬ ነው የያዝኩላቸው። እስካሁንም አልለቀቅሁትም።

መኪናውም ዝም አለ። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚሉት ሰዎች ምናልባት ቡና አያመርቱም። ኸድሩ ያን ቀን ተነሥቶ ወደ ዱመርሶ ሄደ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ መኪናው ደረቱ ጠበበው። ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ እንደ ሽማግሌ እያረፈ፣ ከኋላው የይርጋጨፌ አውቶቡስ ጥሩምባ እየነፋበት። እንደምንም ወጣ። ወጥቶስ? መንገድ ላይ ሰው የለም። ኸድሩ እሱም ጥሩምባ ነፋ። ጥሩምባማ ማንኛውም አውቶቡስ ይነፋል፣ ማን ይሰማዋል? ሕዝቡ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጦ ልቅሶውን ይጠብቃል፤ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ይጠብቃል። እንዲህ ሲጠባበቁ ዋሉልሽ! አምስት ቅርጫት ብቻ ጭኖ ተመለሰ። የቀረው እሸት በቅርጫቱ እንዳለ ሞቀ፣ ሸተተ፤ ከነገለባው ለሚደርቀው ለጀንፈል እንኳ በግድ ሆነ። የስንት ቤት የዓመት ልፋት።

በማግሥቱ የዱመርሶ ሽማግሌዎች ዲላ ድረስ መጡ። አንዱ አባት በዚያ በጌዴኦኛ ቅላጼያቸው ምን አሉ መሰለሽ? «መኪናችሁ ሌባ ሆነች ወይ? ድሮ እያለቀሰ ይመጣል፣ እንሰማለን። ዛሬ በእግር ጣቷ ሄዳ አለፈች!» ጋራዥ ሙሉ ሰው ሳቀ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም አሉ። ሲያስቡ ይሆናል። የሚያስብ ሰው አይስቅም።

ሲያስቡም ዋሉና መልሱን አገኙት። ስብሰባ ተጠራ። «ቺንጋውን ያወለቀው ማን ነው?» ታረቀኝ። እውነት ነው። «የት ነው ያለው?» ንብረት ክፍል ቢፈለግ የለም። መዝገቡም አያውቀው። «እንግዲያው ይህ አሻጥር ነው» አሉ። ድምፃቸው ያን ቀን እንዴት ያምር ነበር አሉ! መጀመሪያ ዝቅ ብሎ… ከዚያ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ወደ ላይ… ማን ያዞራቸው ነበር ይሆን?

የታረቀኝ ነገር! «ለእርስዎ ነው የሰጠሁት» ማለት አቅቶት ዝም አለ። ከስብሰባው ሲመጣ ለምን አልተናገርክም ብዬ ስጠይቀው «ማን ያምነኛል?» አለኝ። እሱም እንደ መኪናው ነው፤ ዝም ያለ ቀን ነው መፍራት። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲሉ ሰምቼ አውቅ ነበር። ዳውላውን ወስዶ አህያውን መክሰስ ግን አዲስ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት መሰለኝ።

ነገ ሐሙስ ነው ቀጠሮው። ሦስት ሰዓት ላይ ቺንጋውን ይዞ ካልቀረበ ከሥራው ይባረራል፤ ከዚያም ለቀበሌ ይሰጣል። አሻጥር የሚባል ቃል በዚህ ዘመን ምን እንደሚያመጣ አንቺ ታውቂያለሽ። ከሥራ ብቻ ማስወጣት ቢሆንማ እንጀራ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው… ይቅር። አልጨርሰውም። ሌላ ቺንጋ ደግሞ እንኳን ዲላ አዲስ አበባም የለም፤ ለዚያ አሮጌ መኪና ማን አስቀምጦለት!

ይኼን ሁሉ ትተን እስቲ ደስ ስለሚል ነገር እናውራ። በግ ትወጃለሽ?

አትጠገብ ትወዳለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በታች ሰፈር በኩል ነው የምትመጣው፤ እዚያ አንድ የሚያምር ግቢ አለ፣ አጥሩ አዲስ። በውስጡ አንድ ሙክት ታስሯል። ምን ሙክት ነው! ላቱ መሬት ሊጠርግ ምንም አልቀረው። ለገና ነው የሚደልበው። የግቢው ጌታ እንኳ በስብሰባ ላይ «በዓል ኋላ ቀርነት ነው» እያሉ የሚያስተምሩ ናቸው፤ እንግዲህ በዓሉን የሚያከብረው በጉ ራሱ ይሆናል። ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ ቅጠል ታጎርሰዋለች። ይህ በግ አንድ ዐመል አለው፤ ገመድ ይበላል። ስንት ገመድ በልቶ እየፈታ የሰው ጎመን ጨረሰ አሉ።

እና ሰኞ ዕለት ልጄ ሮጣ መጣች። «እማዬ! በጉ የወናፉን ቺንጋ አጥልቋል!»

ዝም በይ አልኳት። ልጅ ምን ታውቃለች? ጥቁር ጎማ ሁሉ ቺንጋ ይመስላታል። «አይ፣ ሦስቱ ቀይ ነጥብ አለበት» አለች። ታረቀኝ የወናፉን ቺንጋ ከአብዮት በዓል በተረፈ ቀይ ቀለም ሦስት ነጥብ ያደርግበታል፣ ከሌላው እንዳይቀላቀል፤ ስታየው ነው ያደገችው። እኔም ማክሰኞ ወደ ወፍጮ ቤት ስሄድ በዚያ በኩል አለፍኩ። መንገዱ ትንሽ ይዞራል፤ ቢሆንም እግር ነው፣ ይሄዳል። አየሁት። አንዱ ጫፍ ምሰሶ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ። ሦስት ቀይ ነጥብ። ጎማ አይበላማ! እንዴት ያለ ብልህ ጌታ ነው ያለው ይህ በግ! «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባል የለ? እዚህ ቤት ግን የቆጡንም የብብቱንም በአንድ ቺንጋ አሥረውታል።

ምነው ከፊታችን ያለው ሰው አሳለው? ብርድ ይሆናል። ወይ አቧራው። እግዜር ይማርህ በይው ሀቢባዬ፣ አንቺ ትቀርቢያለሽ… ተይው፣ አለፈለት።

እና ምን አደርጋለሁ? ስብሰባ ገብቼ «አየሁ» ልበል? ልጄን ላቁም? ስምንት ዓመቷ ነው፤ የትልቅ ሰው ዓይን ፊት አላቆማትም፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት። በጉን ላቁም? በግ ቃለ መሐላ አይፈጽምም። ደግሞ ሰው ማሳጣት ደስ አይለኝም። ሰው ሲሳሳት የሚደበቅበት ጥላ ሊኖረው ይገባል። እኔም ስሳሳት እግዚአብሔር ሸፍኖልኛል፤ ብዙ ጊዜ።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። የጋራዡ በር የብረት ዘንግ አለው አይደል? ዘበኛው ንጋት ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው የሚጸልየው፤ በሩ ደግሞ በምዕራብ ነው። በዚያች ሰዓት ቅን ሰው አልፎ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን አንድ ጥቁር ቺንጋ ቢሰቅልበት ማን ያያል? «ጠፍቶ ነበር፣ ተገኘ» ይባላል። ማን ወሰደው የሚል የለም። ታረቀኝም አይጠይቅም፣ የኔ ልጅም ትረሳለች። ልጅ እኮ ቶሎ ትረሳለች፤ ካላስታወሷት። ቺንጋው ከሐሙስ ሦስት ሰዓት በፊት ካልተገኘ ግን እንግዲህ… በታች ሰፈር የሚያልፈው እኔ ብቻ አይደለሁም። የዱመርሶ ሽማግሌዎችም ለነገው ስብሰባ ይመጣሉ። በግ ማየት እንዴት ይወዳሉ መሰለሽ! ዲላ ያለውን በግ ሁሉ አዙሬ አሳያቸዋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ውይ፣ ሱቁ ተከፈተ! ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ኧረ ከፊታችን ያለው ሰው ወዴት ሄደ? ጨውም ሳይወስድ? ተራው ደርሶ? ምን አጣደፈው በዚህ ፀሐይ… በይ ሀቢባዬ፣ አንድ ድንጋይ አስቀምጪለት። ተራው አይቃጠልበት። ከባድ የሆነውን ምረጪ፤ ነፋስ እንዳይወስደው።

*

ለሀቢባ ይህን ያልኩት ረቡዕ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያ ዋይታ ከጋራዡ በኩል ተሰማኝ፤ መጀመሪያ ወፍራም፣ ከዚያ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ወደ ሰማይ። ቺንጋው በሩ ዘንግ ላይ ተሰቅሎ ነው የተገኘው። ታረቀኝ ገጥሞት ኸድሩ ወደ ዱመርሶ ወጣ፤ ለስብሰባ ሊመጡ የነበሩት ሽማግሌዎችም ልቅሶውን ሲሰሙ ወደ ቅርጫታቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ሥራ ቀርቶኝ ነበር። በጉ መታሰሪያ አጥቶ መንገድ ለመንገድ ይዞራል፤ ሰፈራችን ስደርስ የሀቢባን ጎመን ጀምሮታል። ቤት ገባሁና ከአልጋችን የተረፈ ጥሩ የቆዳ ጠፍር ነበረኝ፣ አወጣሁት። ጠፍርማ በግ አያኝከውም። አንገቱን አሰርኩና እየሳብኩ ወደዚያ ወደሚያምር ግቢ ወሰድኩት። የቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ከበሩ ሥር ሁለት የቤት ጫማ ያደረጉ እግሮች ይታያሉ፣ አይንቀሳቀሱም። እኔ ማንንም አላየሁም። ጠፍሩን ምሰሶው ላይ አጥብቄ ቋጠርኩ፣ የበጉን ግንባር አሻሸሁና ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ መረቅሁት፦

«የኔ የዋህ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ለገና በሰላም ያድርስህ። የሰው ንብረት አንገትህ ላይ ሲያጠልቁብህ ሳትደብቅ በጠራራ ፀሐይ ይዘኸው ቆምክ፤ ሲጠፋም ‹እሱ ነው የወሰደው› ብለህ በማንም አላሳበብህም። ጌታህን ዕድሜ ከጤና ይስጥልህ። ይሾምልህ፣ ይሸልምልህ። ከዚያም እግዚአብሔር ጨምሮ፣ ጨምሮ… ካንተ እኩል ያድርስልህ።»